የተለየችው እህት

መሞቴን የሰማሁት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የወንድሜን ሸሚዝ እየተኮስኩ ነው። ልብስ የምተኩስበትን ክፍል ከሳሎኑ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ ማዶ ያለ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ እንኳ ይሰማኛል። ወንድሜ ዛሬ በሚመረቀው ትምህርት ቤት የሚያደርገውን ንግግር ይለማመዳል፤ ከመሥሪያ ቤቱ የመጣችው የሕዝብ ግንኙነት ልጅ ደግሞ እዚህ ጋ ቀና ይበሉ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ያቁሙ እያለች ታርመዋለች። ከዚያ «አሁን ሟች እህትዎ ጋ ሲደርሱ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ከዚያ ሕዝቡ ተነሥቶ የአንድ ደቂቃ የህሊና ጸሎት ያደርጋል» አለችው። እሱም እሺ አለ። እንግዲህ እናታችን የወለደችው ሁለት ነው፣ እሱንና እኔን። ሌላ እህት የለችውም፣ ኖራውም አታውቅም። ካውያውን ይዤ ክው ብዬ ቀረሁ። ሸሚዙን ግን አላቃጠልኩትም፤ ሠላሳ ዓመት ልብሱን ስተኩስ አንድ ቀን አቃጥዬ አላውቅም፣ ሞቼም ቢሆን አላቃጥልም።

ጆሮዬ ነው የተሳሳተው ብዬ ወደ ግድግዳው ጠጋ አልኩ። ወንድሜ «በልጅነቷ የተለየችኝ እህቴ፣ እሷ ያላገኘችውን ዕድል…» ሲል ልጅቷ አቋረጠችውና አንጀት ይበላል፣ እዚህ ጋ እንዲያውም መነጽርዎን ቢያወልቁ ጥሩ ነው አለችው። ይህች ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት ስትመላለስ ሻይዋን የምትቀበለው ከእጄ ነው። «እማማ፣ ስኳር አይብዛበት» ትለኛለች። የቤት ሠራተኛ መስያታለሁ፤ ማን ነሽ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም፣ ማን እንደሆንኩ የነገራትም የለም። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ይህ ከንክኖኝ አያውቅም ነበር። እኔ ራሴ በአሮጌ ሹራቤና በሰፊ ነጠላ ጫማዬ ወዲያ ወዲህ ስል ላየኝ ሰው ምን ልመስለው ኖሯል? እመቤት አልመስል።

ተበድያለሁ ብዬ ግን አልዋሽም። የምኖረው ከግቢው ጀርባ ካሉት ክፍሎች በአንዱ ነው፤ ደረቅ ክፍል ነው፣ የራሱ መታጠቢያ አለው፣ መጋረጃውን የወንድሜ ሚስት ራሷ መርጣ ነው ያሰቀለችው። የትልቁ ቤት ደረጃ ጉልበቴን ይፈጀዋል፣ እዚያ ኋላ ይሻለኛል ያልኩትም እኔው ነኝ። ታምሜ ስተኛ ያስታመመኝ ወንድሜ ነው፤ ሐኪም ቤት ወንበር ላይ ተኝቶ አድሯል፣ ያን ያህል ትልቅ ሰው። ልብሱን ተኩሺ ያለኝም የለም፤ ሠራተኛዋ ኮሌታ አትችልበትም ብዬ ነው እኔ የምተኩሰው። እንግዲህ ይህን ሁሉ የምለው ወንድሜ ክፉ ሰው አለመሆኑ እንዲታወቅልኝ ነው። በቁሜ የቀበረኝ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር።

ልጅቷ ስልክ ልታነሣ ስትወጣ እሱ በካናቴራው ሆኖ ሸሚዙን ሊወስድ መጣ። አገር ምድሩ «ክቡር ሊቀመንበር» ይለዋል፤ የወረቀት ፋብሪካውን፣ የካርቶን ፋብሪካውን፣ ያስገነባቸውን ስድስት ትምህርት ቤቶች እየቆጠረ ራሱን በራሱ የሠራ ሰው ይለዋል። ለእኔ ማሙሽ ነው፤ ሆዱ ከቀበቶው ወጥቶ ጸጉሩ ሸሽቶም ማሙሽ ነው። ሸሚዙን አልሰጠሁትም፤ ክንዴ ላይ አጥፌ ያዝኩት።

«ማሙሽ፣ የሞተችው እህትህ ማን ናት?» አልኩት።

ሸሚዙን ያያል፣ ካውያውን ያያል፣ መስኮቱን ያያል። እኛ ቤት ነገር ሲከብድ ዝም ነው የሚባለው፤ እናታችንም እንዲሁ ነበረች፣ ሦስታችን ሆነን አንድ ክፍል ውስጥ ሳምንት ሙሉ ዝም ብለን እናውቃለን። በመጨረሻ በሩን ዘጋና የልብስ ቅርጫቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ አንድ ጋዜጠኛ ለምን ትምህርት ላይ አተኮሩ ብሎ ጠይቆት ነበር አለኝ። እሱም እውነቱን ተናገረ፦ እኔን ለማስተማር ስትል እህቴ ከትምህርት ተለየች አለ። በማግስቱ ጋዜጣው እህታቸው በልጅነቷ ስለተለየቻቸው ብሎ ይዞት ወጣ። አንድ ቃል ነው የጎደለው፤ «ከትምህርት» የምትለዋ። እንግዲህ ከሥራ የወጣም ተለየ ይባላል፣ የሞተም ተለየ ይባላል፣ ጋዜጠኛው ሳይጨምር ሳይቀንስ ካልጻፈ ምን ይደረጋል? ያን ጋዜጣ ያነበቡ ሀብታሞች እንባ እያነቃቸው መጡ። አንዷ ሴትዮ እጁን ይዛ፣ እኔም እህቴን በልጅነቷ ነው ያጣሁት ብላ አለቀሰችበት፤ ያንን ትምህርት ቤት የጨረሰችለት እሷ ናት። እሷ እያለቀሰች እንዴት ብዬ ላርማት ነው አለኝ።

«ከዚያስ በኋላ?» አልኩት። ከዚያ በኋላማ ጊዜው አለፈ። በየዓመቱ መጽሔቱ ላይ ሲጻፍ፣ ሬዲዮ ላይ ሲነገር፣ አንዴም እህቴ ሞተች ብሎ በአፉ እንዳልተናገረ በእናታችን ማለልኝ። አመንኩት። ወንድሜ ዋሽቶ አያውቅም፤ ሌላው ሲሳሳትለት ግን አያርምም። ድሮም እንዲህ ነበር። መምህሩ የሌላ ልጅ ውጤት ለእሱ ሲሰጡት ደብተሩን አጥፎ ዝም ነው የሚለው፤ ሲጠየቅ ደግሞ እኔ መቼ የኔ ነው አልኩ ይላል። ልጅ እያለ ያስቀኝ ነበር። ዛሬ ግን ቆሽቴ አረረ፣ ካውያውን ነቅዬ አስቀመጥኩት።

«አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ» አልኩት። «ዛሬ እዚያ ላይ ወጥተህ እህቴ አለች በል። መድረክ ላይ አልወጣም፣ ወንበርም አልፈልግም። አለች ብቻ በል።»

«ሰዉ ምን ይለኛል፣ እትዬ? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያጭበረብረን ነበር አይሉም ወይ?» አለኝ። ከዚያ የአራት መቶ ልጃገረዶችን ነገር አነሣ። ይህ ትምህርት ቤት አራት መቶ ሴቶች ልጆችን ነው የሚቀበለው፤ የሚያግዙት ሰዎች እጃቸውን ከሰበሰቡ ልጆቹ ሜዳ ላይ ይቀራሉ፣ ለእነሱ አታዝኚም ወይ አለኝ። አያችሁ፣ እዚህ ጋ ነው የያዘኝ። እውነቱን ነው፤ ልጆቹ አሉ፣ በፊተኞቹ ትምህርት ቤቶች እየተማሩም ነው፣ አንዳንዶቹ ሐኪም ሆነዋል። እኔ ልኑር ብዬ እነሱን ከክፍል ላስወጣ? የተረታሁ መሰለውና ድምፁ ለስለስ አለ። ስምሽን እኮ በእብነ በረድ አስቀርጬልሻለሁ፣ መግቢያው ላይ ነው፣ ትልቅ ተደርጎ ነው የተጻፈው አለኝ፤ በእውነት ደስ ይላታል ብሎ ነው። ስሙ በእብነ በረድ የሚቀረጽ ሰው የት እንደሚገኝ ታውቃለህ አልኩት። ሳቀ፣ እኔም ሳላስበው ሳቅሁ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ በማይሆን ሰዓት መሳቅ ልማዳችን ነው። ከዚያ ቀለል ብሎት ተነሣና ዛሬን ብቻ ከቤት እንዳልወጣ ለመነኝ፤ ሌላውን ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ አለ። እሺ አልኩት። ግንባሬን ሳመኝ፣ ሸሚዙን ወሰደና ሄደ።

እሺ ያልኩት አፌ ለምዶት ነው። እሱ የማያውቀው ነገር ነበረ፤ በዚያ ትምህርት ቤት ተመዝግቤያለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ከሰዓት በኋላ ትልልቅ ሴቶች የሚማሩበት የእናቶች ክፍል እንደሚከፈት በሬዲዮ ሰማሁና መታወቂያዬን ይዤ፣ ለማንም ሳልናገር፣ በአውቶቡስ ሄጄ ስሜን አስገባሁ። የተመዘገቡት እናቶች በምረቃው ቀን በስማቸው እየተጠሩ ደብተርና እስክሪብቶ ከሊቀመንበሩ እጅ እንደሚቀበሉ ነገሩን። ያንን ስሰማ የደስታዬን ነገር አልነግራችሁም። ስሜ ሲጠራ፣ ማሙሽ ቀና ብሎ ሲያየኝ፣ ፊቱ ምን እንደሚመስል እያሰብኩ ሦስት ሳምንት ብቻዬን ስስቅ ከረምኩ። ሰሌዳው ላይ በቀይ የተጻፈም ነገር ነበር፤ ሲጠራ ያልተገኘ ሰው ስሙ ተሰርዞ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል ይላል። ቦታው አርባ ነው፣ ተጠባባቂው ከመቶ በላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ ካልሄድኩ አልማርም፤ ከሄድኩ ደግሞ ሞተች የተባለችው ብቅ ልትል ነው። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ይህን ሳወጣ ሳወርድ የመኪኖቹ በር ሲዘጋ ሰማሁ። ወንድሜና ሚስቱ ሄዱ።

ለምን መማር እንደፈለግሁ ለሚጠይቀኝ፣ እኔ ግማሽ ነው የማውቀው። ሦስተኛ ክፍል ስደርስ እናታችን ታመመችና እሱ ይቀጥል፣ አንቺ ያዢው ተባለ። ያገለገለ ደብተር በኪሎ እየገዛሁ ለሱቆች የወረቀት ከረጢት እለጥፍ ነበር፤ ስኳር፣ ምስር፣ ምስማር የሚቋጠርበትን። በየንግግሩ «ከረጢት ከመለጠፍ ተነሥቼ» የሚለው ይኸው ነው። የለጠፍኩትስ እኔ ነኝ፣ ማሙሽ ሙጫ እጁን ሲነካው ያለቅስ ነበር። እሱ ጎበዝ የነበረው በመሸጥ ነው፣ እሱንስ አልክድም፤ ባለሱቁ ይበቃኛል እያለ ሃምሳ ከረጢት ያስወስደዋል። እኔ ደግሞ ስለጥፍ አነባለሁ። ሰው የጻፈውን፣ መምህር በቀይ ያረመውን ሁሉ አነባለሁ። ችግሩ የገጹ የታችኛው ክፍል መታጠፍ አለበት፣ ዳሩም ሙጫ ይቀባል። ደም ከልብ ወጥቶ በምን በምን እንደሚያልፍ አውቃለሁ፣ በየት እንደሚመለስ ግን ከሙጫው ሥር ነው። ክፍልፋይ ይደመራል፣ መልሱ ታጥፏል። አንዲት ልጅ «ሳድግ መሆን የምፈልገው» ብላ ጽፋ ነበር፤ ምን መሆን እንደፈለገች እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የቀረውን ግማሽ ሳላውቅ መሞት አልፈለግሁም፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ተነሣሁ። ሰማያዊ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ጫማዬን ጠረግሁ፣ መታወቂያዬን ጡቴ ሥር ሸጎጥኩ። ዘበኛው ወዴት ነው አለኝ፤ ወደ ቀብር ነው አልኩት፣ ደንግጦ በሩን ከፈተልኝ። አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ እስኪደርስ ድረስ ስለ ሽንኩርት አወራችኝ፤ ባለፈው ሳምንት ስንት ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ስንት ገባ፣ አከፋፋዮቹ እንዴት ዓይናቸውን በጨው እንዳጠቡ። እሷም ሽንኩርት ነጋዴ ናት፤ እሷም የምትሄደው እዚያው ነው፣ ተመዝግባለች። ዱቤ የሚወስዱብኝን ሰዎች ስም መጻፍ ብችል ብላ ነው መማር የፈለገችው። እጇን ጥሩ አድርጋ ብትታጠብም ሽንኩርቱ አልለቀቃትም፣ እሱ እያስነባት ይሁን ደስታ አላውቅም ዓይኗ እርጥብ ነበር። ወደድኳት። ስሟን ነገረችኝ፣ ስሜን ስትጠይቀኝ ግን አስሎኝ ወሬ አስቀየርኳት።

ትምህርት ቤቱ ያምራል። ቀለሙ ገና ይሸታል፣ መስኮቶቹ ሰፋፊ ናቸው፣ ወንበሮቹ ከነፕላስቲካቸው ነው ያሉት። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፤ ፊት ለፊት ለስላሳ ወንበር ላይ ትልልቆቹ እንግዶች፣ ከኋላ ሕዝቡ፣ በስተቀኝ ደግሞ እኛ ተመዝጋቢዎቹ በአግዳሚ ላይ። እብነ በረዱ መግቢያው ግድግዳ ላይ ነው። ቆሜ ቀስ ብዬ ፊደል በፊደል አነበብኩት፤ ስሜ ከነአባቴ ስም፣ ከሥሩ መታሰቢያ የሚል። አጻጻፉ ምንም አይወጣለትም፣ እውነትም ትልቅ ነው። ሽንኩርት ነጋዴዋ ምን ይላል አለችኝ፤ የሊቀመንበሩ እህት መታሰቢያ ነው ይላል አልኳት። ምስኪን፣ በልጅነቷ ነው አሉ የሞተችው አለችና ከንፈሯን መጠጠች። በምን ሞተች ስላት በሳንባ ነው ይላሉ አለችኝ፤ ደም እየተፋች፣ በሙጫው ሽታ ተመርዛ። በምን እንደሞትኩ ሳይቀር ሰዉ ተነጋግሮ ጨርሶልኛል። ተነፈስኩ፤ ሳንባዬ ደህና ነው።

ንግግሩን አልደግምላችሁም፣ ጠዋት ሰምቼዋለሁ። እህቱ ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ መነጽሩን አወለቀ። ልጅቷ ማይክሮፎኑን ተቀብላ ለአንድ ደቂቃ እንድንቆም ጠየቀች፤ አምስት መቶ ሰው ተነሣ፣ እኔም ለራሴ ተነሥቼ ቆምኩ። ወንበር ሲንቋቋ፣ ሰው ሲያስል ቆየና ጭጭ አለ። መጀመሪያ ልስቅ ነበር። ከዚያ በእጇ ሙጫ የደረቀባት አንዲት ልጅ ትዝ አለችኝ፤ ወንድሟ የትምህርት ቤት ቦርሳውን አንግቶ ሲወጣ በር ላይ ቆማ የምትሸኘው። ስለእሷ ሰው ቆሞ አያውቅም። አሁን ቆመላት፣ አምስት መቶ ሰው፣ ግን ሞታለች ብሎ ነው። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሽንኩርት ነጋዴዋ እጄን ያዘችና ለማያውቁት ሰው እንዲህ ማልቀስዎ፣ ልብዎ ሩኅሩኅ ነው አለችኝ።

ከዚያ የእናቶቹ ስም መጠራት ጀመረ። የምትጠራው መዝጋቢዋ ናት፣ ትንሽ ክብ ፊት ያላት ሴት፤ ወንድሜ ከጎኗ ቆሞ ከተከመረው ደብተር አንዳንድ እያነሣ ይሰጣል፣ በየአንዳንዱ ፎቶ ይነሣል። የራሱ ፋብሪካ ደብተር ነው። ሽንኩርት ነጋዴዋ ተጠርታ ሄደች፣ እየሮጠች ተመለሰች። ሃያ ሁለተኛዋ ላይ መዝጋቢዋ ስሜን ጠራች። ስሜን ጠርታ ራሷ ደነገጠች፣ ወረቀቱን ዳግም አየችው፤ ድንኳኑ ውስጥ ጉምጉምታ ተነሣ፣ ሰዉ ወደ እብነ በረዱ ዞሮ አየ። ወንድሜ ደብተሩን እንደያዘ ደረቀ። ሁለተኛ ጠራች። ካልተነሣሁ ትሰርዘኛለች፣ ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ነው። ሰው ስሙ ሲጠራ ምን እንደሚል ሦስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፣ እሱ እንኳ ሙጫ አልነካውም።

«አለሁ» አልኩ።

በአግዳሚዎቹ መሃል አልፌ ወደ ፊት ሄድኩ። የወንድሜ ሚስት ከፊት ተቀምጣለች፤ አየችኝና ቦርሳዋን ከፍታ የሌለ ነገር መፈለግ ጀመረች። የሕዝብ ግንኙነቷ ልጅ ግን ፊቷ በራ። ክቡራን እንግዶች፣ እንዴት ያለ አጋጣሚ ነው፣ እኚህ እናት ስማቸው ከሟቿ ስም ጋር አንድ ነው አለች። ቀጥላም እኚህ እናት በሊቀመንበራችን ቤት ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ ናቸው፣ ሊቀመንበራችን በቤታቸው የሚሠራውን ሰው ሳይቀር እያስተማሩ መሆናቸውን ዛሬ ነው ያየሁት ብላ፣ ድምጿ ተሰባብሮ፣ ማጨብጨብ ጀመረች። ከልቧ ነው፣ አታውቅማ። ጭብጨባው ድንኳኑን ሊያነሣው ደረሰ። አንዲት አሮጊት እንግዳ በመሐረብ ዓይኗን ጠረገች፤ ምናልባት ያቺ እህቷን ያጣችው ናት። ልጅቷ ማይክሮፎኑን ወደ ወንድሜ አፍ አስጠጋችለት፣ አንድ ቃል ይበሉልን አለች።

ፊት ለፊት ቆመን ተያየን። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ልጅ ሆኖ መምህሩ ሲቆጡት ወደ እኔ እንደሚያየው ነው ያየኝ፣ አንቺ ንገሪልኝ እንደሚለው። እኔ ግን አልነገርኩለትም፣ ጠበቅሁት። አራት መቶዎቹን ልጆች አስቤአቸዋለሁ፤ እሱ አለች ቢልም እነሱ ይኖራሉ፣ ሰው እውነት ስለተናገረ ትምህርት ቤት አይፈርስም ብዬ ደምድሜ ነው የመጣሁት። እህቴ ናት ለማለት ሁለት ቃል ነው የሚያስፈልገው፣ የወረቀት ነጋዴ ሆኖ ሁለት ቃል አያጣም። እግዜር ያሳያችሁ፣ እስከ መጨረሻዋ ድረስ የሚላት መስሎኝ ነበር።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ እናቴ» አለ። «ይበርቱ።»

ደብተሩን በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ሰጠኝ። ከተወለደ ጀምሮ አንቺ እንጂ እርስዎ ብሎኝ አያውቅም። ተጣልተን ሳንነጋገር በከረምንበት ጊዜ እንኳ አንቺ ነኝ። እርስዎ የሚባለው የሚከበር ሰው ነው፣ የማይታወቅም ሰው ነው፤ የትኛው እንደሆንኩ ያን ጊዜ ገባኝ። ጋዜጣው ገደለኝ ስል፣ መጽሔቱ ገደለኝ ስል ነበር፣ እነሱ ግን እኔን አያውቁኝም። ይህ እያወቀ ነው። እግዜር ይስጥልኝ፣ ክቡር ሊቀመንበር አልኩት፤ ፎቶ አንሺው ወደ እሱ ጠጋ በሉ አለኝ፣ ጠጋ አልኩ።

ሥነ ሥርዓቱ አልቆ እንግዶቹ ለስላሳ መጠጥ ሲጠጡ እኛን ቅጽ ለመሙላት ወደ አንዲት ክፍል አስገቡን። መስኮቱ ክፍት ነው፤ በድምፅ ማጉያው የወንድሜ ድምፅ ይገባል፣ እንግዶቹን በየስማቸው እየጠራ ያመሰግናል። መዝጋቢዋ ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ እየጠየቀች ትጽፋለች። ዕድሜ ስትለኝ ነገርኳት። ያቋረጡበት ክፍል አለችኝ፤ ሦስተኛ። አድራሻ ስትለኝ፣ አዲስ ቤት እየፈለግሁ ነው፣ ባዶ ተዪው አልኳት። ሽንኩርት ነጋዴዋ ከጀርባዬ ሆና፣ እኔ ጋ አንድ ክፍል አለች፣ ኪራይዋ አይከብድም አለች፤ እየቀለደች ይሁን የምሯን ዞሬ ሳያት የምሯን ነበር።

መዝጋቢዋ ገጹን ገለበጠች። ድንገት ቢያምዎ የሚጠራ ሰው ያስፈልገናል፣ ባል ወይም ልጅ አለዎት ወይ አለችኝ። የለኝም አልኳት። «ወንድምስ?» አለች ቀና ሳትል።

«ነበረኝ» አልኩ። አስቤበት አይደለም፤ ከአፌ የወጣው እሱ ነው።

ብዕሯን አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ በእውነት አዘነ። ከውጭ የወንድሜ ሳቅ በድምፅ ማጉያው ይሰማል፣ አንድ እንግዳ ቀልዶ ይመስለኛል።

«ውይ» አለችኝ። «ነፍስ ይማር።»

«አሜን» አልኩና የምፈርምበትን ቦታ እንድታሳየኝ ጠየቅኋት።